ጥሬ ካሮት አፍ እያሳከከ የተቀቀለው የማያሳክከው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ጀርመን ፍራንክፈርት አካባቢ መኖር ከጀመርኩ 7 ዓመት ሆነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ካሮት አጥቤ እንደ ፍራፍሬ እበላ ነበር፤ ምንም ሆኜ አላውቅም። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ጥሬ ካሮት ስቀምስ ወዲያው ከንፈሬን፣ ላንቃዬንና ጉሮሮዬን ያሳክከኛል፣ ጆሮዬን ውስጥ ድረስ ይበላኛል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቀኛል። ያው ካሮት አልጫ ውስጥ ሲገባ ምንም አያደርገኝም። ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ደግሞ በፖምና በሴለሪ ሰላጣም ጀመረኝ። አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ በባዶ ሆዴ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት ጠጥቼ ፊቴ አበጠ፣ ጉሮሮዬም የሚዘጋ መሰለኝ። ቤተሰቦቼ ‹የአትክልቱ ኬሚካል ነው፣ በደንብ እጠቢው› ይሉኛል። ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። ነገሩ አደገኛ ነው? አትክልት ልተው? የ6 ዓመት ልጄንስ ከአሁኑ ልከልክለው?»

መልስ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ አኩሪ አተሩ ወተት ልናገር። ከጻፉት ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው፤ ካሮቱ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ቀርበው እስኪመረመሩ ድረስ የአኩሪ አተር ወተት፣ ከአኩሪ አተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄትም ሆነ መጠጥ አይቅመሱ። የጾም ቀን ቢሆንም፣ «ትንሽ ብቻ» ቢሆንም አይቅመሱ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን የሁሉንም ሥር እንይ።

የገለጹልኝ ነገር ለአለርጂ ሐኪሞች እጅግ የታወቀ ነው። መነሻው ካሮቱ ሳይሆን ዛፍ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው አውሮፓ በየመንገዱ ዳር፣ በየመናፈሻው፣ በየግቢው በርች የሚባል ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ አለ። በጸደይ ሲያብብ በዓይን የማይታይ የአበባ ብናኝ በነፋስ ይበትናል። ይህን ብናኝ ዓመት በዓመት የሚተነፍስ ሰው፣ ተፈጥሮው ለአለርጂ የሚያደላ ከሆነ፣ የሰውነቱ መከላከያ ብናኙ ውስጥ ያለውን አንድ ፕሮቲን እንደ ጠላት መዝግቦ ይይዘዋል። ያ ፕሮቲን በሕክምናው ቤት ቪ 1 ይባላል። ሰውነት አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል፤ ይህም ማስት ሴል በሚባሉት ሕዋሳት ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ብናኙ ሲመለስ ሕዋሳቱ ሂስታሚን ይለቃሉ። በጸደይ ወራት የሚያስነጥሰው፣ ዓይን የሚያሳክከው፣ አፍንጫ የሚያፈሰው ይኸው ሂስታሚን ነው።

ካሮት፣ ሴለሪ፣ ፖም፣ ኮክ፣ ቼሪ፣ ሃዘልነት፣ ለውዝና አኩሪ አተር ውስጥ ከዚያ የበርች ፕሮቲን ጋር በቅርጽ በጣም የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች አሉ። ለበርች የተሠራው ፀረ እንግዳ አካል እነዚህንም እንደ በርች ይቆጥራቸዋል፤ ጎረቤትን በመንታ ወንድሙ ስም እንደ መጥራት ያለ ስሕተት ነው። ስለዚህ እርስዎ በመሠረቱ የካሮት አለርጂ የለብዎትም፤ ያለብዎት (ምርመራው ካረጋገጠው) የበርች አለርጂ ነው፤ ካሮቱ የሚያስቆጣው በዝምድና ነው። በበርች አገር ከሚኖሩና የበርች አለርጂ ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንዱ ጥሬ ምግብ ይህን ዓይነት ማሳከክ ያመጣባቸዋል።

አዲስ አበባ ያልነበረው አሁን ለምን መጣ ለሚለው መልሱ እዚሁ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ደን በርች የለም። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ ተነፍሰውታል፤ አለርጂ ደግሞ በአንድ ጸደይ አይሠራም፣ ጥቂት ዓመታት ይፈልጋል። ከሀገራቸው ሳሉ አንድም ቀን አስነጥሷቸው የማያውቁ፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት በጸደይ ዓይናቸው የሚቀላ ብዙ ወገኖች አሉ። ጉንፋን ነው ብለው ያልፉታል። ጥያቄዎ ላይ ስለ አፍንጫና ስለ ዓይን ምንም አልጻፉም፤ እባክዎ ያስታውሱ፦ በመጋቢትና በሚያዝያ ያስነጥስዎታል? ጠዋት ሲነሱ ዓይንዎን ያሳክክዎታል? ጥሬ ድንች ሲልጡስ እጅዎን ይበላዎታል? ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የበርች አለርጂ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ምልክት ስለሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩት።

ሲቀቀል ለምን ይተዋል? የዚህ ቤተሰብ ፕሮቲን ደካማ ነው። የፀረ እንግዳው አካል የሚያውቀው የፕሮቲኑን ቅርጽ ነው፤ ሙቀት ቅርጹን ያፈርሰዋል። የጨጓራ አሲድና ፔፕሲን የተባለው የጨጓራ ምግብ ፈጪም እንዲሁ በፍጥነት ያፈርሱታል። ለዚህ ነው ችግሩ አፍና ጉሮሮ ላይ የሚጀምረው፣ ሲዋጥ የሚያልቀው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚለቀው። አልጫ ውስጥ በደንብ የበሰለው ካሮት ቅርጹን ስላጣ ሰውነትዎ አያውቀውም። በደንብ የበሰለ ማለቴን ልብ ይበሉ፤ በመጥበሻ ላይ ገልበጥ ገልበጥ ተደርጎ የወጣ፣ ሲነክሱት ኮሽ የሚል ካሮት ገና ጥሬ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ትኩስ የካሮት ጭማቂ ነው፤ አምስት ስድስት ካሮት በአንድ ትንፋሽ ይገባል፣ አፍ ማስጠንቀቂያውን ሳይሰጥ።

ቤተሰብዎ የሚሉትን የኬሚካል ነገር በቅንነት እንደሚሉት አውቃለሁ። ነገር ግን ፕሮቲኑ ያለው በአትክልቱ በራሱ ውስጥ ነው፤ ቢያጥቡት፣ በኮምጣጤ ቢዘፈዝፉት፣ ያለ ኬሚካል የተመረተ ነው የተባለውን በውድ ቢገዙት አይወጣም። እንዲያውም ተክሎች እነዚህን ፕሮቲኖች የሚያመርቱት ራሳቸውን ከተባይና ከበሽታ ለመከላከል ነው። ማጠቡን ለንጽሕናው ይቀጥሉ፤ ለዚህ ችግር ግን መድኃኒት አይሆንም። መላጥ ለአንዳንድ ፍሬ ጥቂት ይረዳል፣ ለካሮት ግን አይበቃም።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ። የርስዎን ጥያቄ ከሌሎች ታካሚዎች የሚለየው፣ እዚህ ያሉ ሐኪሞችም ሊገምቱት የማይችሉት ይህ ነውና። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይውላል። ጀርመን ውስጥ በርች የሚያብበው ከመጋቢት አጋማሽ ገደማ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ ነው፤ የበርች ዘመዶች የሆኑት ሃዘልና አልደር ደግሞ ከጥር ጀምረው ብናኛቸውን ይለቃሉ። ብናኙ አየሩን በሞላበት ወቅት የሰውነት መከላከያ ነቅቶ ስለሚቆም፣ በመከር ጊዜ ያለ ችግር የሚበላ ካሮት በጸደይ አፍ ያሳክካል። በዚሁ ወቅት እኛ ወተቱንና ሥጋውን ትተን ሰላጣ፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝና የአኩሪ አተር ወተት ላይ እንበረታለን። ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆድ ቆይተን አንዴ እንበላለን። ሁሉም ነገር በአንድ ወቅት ይገጣጠማል ማለት ነው። በጾም የባሰብዎት ጾሙ ስለጎዳዎት አይደለም፤ የጾሙ ምግብና የበርቹ አበባ በአንድ ጊዜ ስለመጡ ነው።

የአኩሪ አተሩ ወተት ከካሮቱ የሚለየው በመጠኑ ነው። አንድ ቁራጭ ካሮት ሲነክሱ አፍዎ ያስጠነቅቅዎታል፤ ይተፉታል። ወተቱ ግን ለስላሳ ነው፤ አንድ ትልቅ ብርጭቆ በሰከንዶች ውስጥ ያልፋል። ባዶ ሆድ ደግሞ ብዙ ፕሮቲን ሳይፈርስ በፍጥነት ወደ አንጀት እንዲያልፍ ያደርጋል። የጀርመን ፌዴራል የአደጋ ግምገማ ተቋም በ2007 ይህንኑ አስመልክቶ የበርች አለርጂ ያለባቸው ሰዎች በአኩሪ አተር መጠጦችና ዱቄቶች ከባድ ምላሽ ሊገጥማቸው እንደሚችል አስጠንቅቋል። በጣም የተቀነባበሩና የተብላሉት ምርቶች፣ ለምሳሌ የአኩሪ አተር ሶስ፣ በዚህ በኩል የሚያሰጉት በጣም ያነሰ ነው። የፊትዎ ማበጥና የጉሮሮዎ መጥበብ ከአፍ ማሳከክ ያለፈ ምልክት ስለሆነ እንደ ቀላል ሊታይ አይገባም።

ኦሜፕራዞሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። የጨጓራን አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶች ፕሮቲኑን የሚያፈርሰውን መሣሪያ ያዳክማሉ፤ ስለዚህ አፍ ላይ ያልቅ የነበረ ምላሽ ወደ ሌላው አካል ሊያልፍ ይችላል። በራስዎ አይተዉት፤ ግን መድኃኒቱን የጻፈልዎ ሐኪም የአለርጂውን ነገር ይወቅ፤ አሁንም ያስፈልግዎት እንደሆነ ያስቡበት። በማኅበረሰባችን ኦሜፕራዞል በአንድ ወቅት ለጨጓራ ተጀምሮ ለዓመታት ሳይጠየቅ የሚወሰድ መድኃኒት ሆኗል፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ከዚህ ሌላ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን፣ አልኮል፣ ከምግብ በኋላ መሮጥ ወይም ከባድ ሥራ መሥራት፣ ትኩሳት ያለው ሕመም ምላሹን ያጠናክራሉ።

ስለ አደጋው በቀጥታ ጠይቀውኛልና በቀጥታ ልመልስ። አፍ ላይ ብቻ የሚቀር ማሳከክ ብዙ ጊዜ አደገኛ አይደለም። ይህ ችግር ካለባቸው ሰዎች ወደ ሙሉ የአለርጂ ድንጋጤ፣ ማለትም አናፊላክሲስ፣ የሚደርሱት በስፋት በሚጠቀሰው ግምት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። እርስዎ ግን አንድ ጊዜ ከአፍ ያለፈ ምላሽ ስላሳዩ፣ ያውም አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት እየወሰዱ፣ ከዚያ ጥቂት ቁጥር ጋር ቆጥሬ ነው የምመክርዎ።

ሴለሪውን ለብቻው ላንሳ፤ ጀርመን ውስጥ ከባድ ጉዳይ ነው። ሥሩ በሰላጣም በሾርባም ይገባል፤ ደርቆ ተፈጭቶም በሾርባ ኩብ፣ በቅመም ድብልቅና በቋሊማ ውስጥ አለ። ከካሮት በተለየ አንዳንድ ሰው ላይ የተቀቀለው ሴለሪም ምላሽ ያመጣል። ይህ በተለይ የሚታየው ከበርች በተጨማሪ በበጋ ማብቂያ የሚያብብ፣ ሙግዎርት (በጀርመንኛ ባይፉስ) የሚባል የዱር ተክል አለርጂ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ የኛ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። የሴለሪና የካሮት ቤተሰብ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ድንብላል፣ ከሙን፣ ነጭ አዝሙድና እንስላል ሁሉም ከዚያው ናቸው። ሽሮና በርበሬ ውስጥ ያሉትን ቅመሞች ያለ ችግር ሲበሉ ከኖሩ መተው የለብዎትም። ግን ወጥ በልተው ምክንያቱ ያልታወቀ ሽፍታ ወይም እብጠት ደርሶብዎት ከሆነ፣ ለሐኪሙ የቅመሞቹን ስም አንድ በአንድ ይንገሩት፤ እሱ በርበሬ ሲባል የተፈጨ ቃሪያ ብቻ ሊመስለው ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሴለሪም አኩሪ አተርም በታሸገ ምግብ ላይ ጎላ ብለው መጻፍ ካለባቸው 14 አለርጂ አምጪዎች ውስጥ ናቸው፤ ምግብ ቤትም ሲጠይቁ ሊነግሩዎት ይገባል።

ጥሬ አትክልት በልቶ አፍ የሚያቃጥለው ሁሉ ግን ይህ አይደለም። የቃሪያ ማቃጠል፣ የነጭ ሽንኩርት መለብለብ፣ የአናናስ ምላስ መቧጠጥ በማንም ሰው ላይ የሚደርሱ የተክሉ የራሱ ኃይል ናቸው፤ አለርጂ አይደሉም። በሌላ በኩል ጎመን፣ ሰላጣ ወይም ቲማቲም በስሎም ጭምር ሰውነት የሚያሳብጥ ከሆነ፣ ያ ሙቀትንና አሲድን የሚቋቋም ሌላ ፕሮቲን ነው፤ በሜዲትራኒያን አገሮች በብዛት ይታያል፣ መነሻውም ብዙ ጊዜ ኮክ ነው፣ አደገኛነቱም ከበርቹ ይበልጣል። በአረጋውያን እንክብካቤ ወይም በጽዳት ሥራ ላይ ሆነው የላቴክስ ጓንት ሲያጠልቁ እጃቸው የሚያብጥ እኅቶች ደግሞ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ኪዊና ቲማቲም ሊያስቸግራቸው ይችላል። የሦስቱ ጥንቃቄ ስለሚለያይ «የአትክልት አለርጂ አለብኝ» ብሎ ሁሉንም በአንድ መጠቅለል ጉዳት አለው፦ ወይ ያለ ምክንያት ይራባሉ፣ ወይ አደገኛውን ይስታሉ።

ምርመራውን በተመለከተ፣ የአለርጂ ሐኪም ቀጠሮ ሲይዙ ትኩስ ካሮት፣ የሴለሪ ሥርና ፖም ይዘው መምጣት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። የፋብሪካው መመርመሪያ ፈሳሽ ሲዘጋጅ ደካማው ፕሮቲን ስለሚፈርስ ውጤቱ በሐሰት «የለብዎትም» ሊል ይችላል፤ ትኩሱን አትክልት ወግቶ በዚያው መርፌ ቆዳን መውጋት የበለጠ ያስተማምናል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውጤቱ ይታያል። ሴቲሪዚንና የመሳሰሉት ፀረ ሂስታሚኖች ውጤቱን ስለሚሸፍኑት አስቀድሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል፣ መቋረጥ አለባቸው። የአኩሪ አተሩን ነገር ግን በቆዳ ብቻ አይተዉት። የተለመደው የአኩሪ አተር የደም ምርመራ የርስዎን ዓይነት ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ግሊ ኤም 4 የሚባለውን፣ ማለትም የበርቹን የሚመስለውን የአኩሪ አተር ፕሮቲን፣ ለይቶ የሚያይ የደም ምርመራ እንዲታዘዝልዎ በስሙ ይጠይቁ፤ ከቤት ቪ 1 ጋር። ቤት ውስጥ ግን «ይኖር ይሆን?» ብለው በአፍዎ አይሞክሩት።

አትክልት ይተዉ? በፍጹም። የሚያሳክክዎትን በጥሬው ብቻ ይተዉ፤ የማያሳክክዎትን በጥሬውም ይብሉ። የተቀቀለ ካሮት፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ ሁሉ የርስዎ ናቸው። በዝርዝር ላይ ስላዩት ብቻ ለዓመታት በሰላም የበሉትን ምግብ አያቋርጡ፤ የምግብ አለርጂ ዝርዝሮች ከሚጠቅሙት ይልቅ የሚያስፈራሩት ሰው ይበዛል። ለጾሙ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ በልማድዎ ከተስማሙዎ ይቀጥሉ። በወተቱ ፈንታ የአጃ ወተት ይሻላል፤ የሃዘልነትና የአልሞንድ ወተት ከበርች ዝምድና አላቸውና ከምርመራው በፊት አይጀምሯቸው።

በጸደይ ለአፍንጫና ለዓይን የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ ማለትም ፀረ ሂስታሚንና የስቴሮይድ የአፍንጫ መርጫ፣ ወቅቱን ያቀልሉታል። ለሦስት ዓመት ያህል በመርፌ ወይም ከምላስ ሥር የሚሰጥ የበርች ሕክምናም አለ። ለአፍንጫና ለዓይን በደንብ ይሠራል፤ ለካሮቱ ግን አንዱን ረድቶ ሌላውን ላይረዳ ስለሚችል፣ ጥሬ ካሮት ለመብላት ብለው ብቻ እንዲጀምሩት አልመክርም።

እንደገና ቢደርስብዎ፦ አፍዎን ብቻ ካሳከከ ይትፉት፣ በውኃ ይጉመጥመጡ፣ ፀረ ሂስታሚን ይዋጡ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ሰዓታት ከሰው ጋር ይቆዩ። ድምፅዎ ከሻከረ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ደረትዎ ሲር ሲር ካለ፣ ሰውነትዎ በሽፍታ ከተሸፈነ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ካዞረዎትና ዓይንዎ ከጨለመ ግን ፀረ ሂስታሚን አይበቃም። 112 ይደውሉ። የአድሬናሊን መርፌ ከታዘዘልዎ (ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ 0.3 ሚሊግራም ነው) ሳያመነቱ በጭንዎ ውጫዊ ጎን፣ በልብስ ላይም ቢሆን ይውጉት። ተኝተው እግርዎን ከፍ ያድርጉ፤ መተንፈስ ካቃተዎት ይቀመጡ፤ በድንገት አይነሡ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለዎ ሁለተኛው መርፌ ይወጋል። ቢሻልዎትም ሆስፒታል ይሂዱ፤ ምላሹ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ይህን መርፌ ሐኪምዎ ሊያዝልዎ እንደሚገባ ከታሪክዎ ተነሥቼ አምናለሁ፤ እርስዎም ያንሡት። ቤት ያሉት ደግሞ በዚያ ሰዓት ፌጦ በሎሚ፣ ወተት ወይም ማር እንዳያጠጡዎ ከአሁኑ ይንገሯቸው። ጉሮሮው ያበጠ ሰው የሚዋጥ ነገር ሊያንቀው ይችላል፤ የሚያልፉትም ደቂቃዎች ውድ ናቸው።

ኢትዮጵያ ሆነው ይህን የሚያነቡ፣ ጥሬ ቲማቲም ወይም ሐብሐብ አፋቸውን የሚያሳክካቸው አሉ። እነሱ ዘንድ በርች ባይኖርም የሣር ብናኝ አለ፤ በወሎና በሐረርጌ ማሳውን የወረረው ቅንጬ አረምም ቆዳና አፍንጫ የሚያስቆጣ ነው። የቅንጬ ብናኝ የቅርብ ዘመድ የሆነው የአሜሪካው ራግዊድ ከሐብሐብ፣ ከኪያርና ከዝኩኒ ጋር በዚሁ መንገድ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ዋሺንግተን ዲሲና ሚኒሶታ ያሉ ወገኖች ችግሩ በጸደይ ሳይሆን ከነሐሴ ጀምሮ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ቢመጣባቸው አይደነቁ።

ልጅዎን አይከልክሉት። የሚወረሰው ለአለርጂ ማድላቱ እንጂ የካሮቱ ወይም የበርቹ አለርጂ ራሱ አይደለም፤ ምግብን ከልጅ ቀድሞ መከልከል አለርጂን እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃም የለም። ጥሬ ካሮቱን፣ ፖሙን፣ ኮኩን ይብላ። በጸደይ አፍንጫው ያለ ትኩሳት ለሳምንታት የሚፈስ፣ ዓይኑን የሚያሽ ከሆነ ለሕፃናት ሐኪሙ ይንገሩ፤ «ካሮቱ ምላሴን ይበላኛል» ካለዎት ደግሞ ሰበብ ነው ብለው አያስገድዱት። ቀቅለው ይስጡት፣ ለቀጠሮውም ይደውሉ።